ያላደገው አሜባ

«እጅ ወደኋላ!» አሉ መምህር ጌታነህ።

ሰልፉ በሙሉ እጁን ወደኋላ አጣመረ። የቤተ ሙከራው ሕግ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ስላይዱን የሚያስቀምጡት መምህሩ፣ መስተዋቱን ወደ መስኮቱ የሚያዞሩት መምህሩ፣ የሚያስተካክሉትም መምህሩ ናቸው። የተማሪ ሥራ ጎንበስ ማለት፣ አንድ ዓይኑን መጨፈን፣ ከዚያ «አየሁ» ብሎ ለቀጣዩ መልቀቅ ነው። በዚህ ክፍል ያላየ ተማሪ ኖሮ አያውቅም። ግማሹ የራሱን ሽፋሽፍት አይቶ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም «እኔ ምንም አልታየኝም» ብሎ ራሱን መሳቂያ የሚያደርግ ማን አለ?

ጽጌሬዳ ተራዋ ደርሶ ጎንበስ አለች። ደብዘዝ ያለ ክብ ብርሃን ታያት። በብርሃኑ ውስጥ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ግራ፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ጥቁር ነገር አለ። ጫፉ ላይ ክብ ነጥብ አለው።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ምንድን ነው?»

ጥያቄው ለይስሙላ ነበር። መልሱ ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ተጽፏል፦ አሜባ። ጽጌሬዳ ግን ቀና አላለችም። ይህን መንጠቆ ታውቀዋለች። ራሷ ሥላዋለች።

«ቲቸር፣ ይሄ ባለፈው ሽንኩርቱ ላይ የነበረው ነው እኮ።»

ከኋላዋ አንዱ ሳቀ። «ጽጌ ሽንኩርት አምሯት ነው!»

«ባለፈው ኒውክለስ ነው ብለውን ሥለነዋል» አለች ቀና ብላ። «ያው ራሱ ነው። መንጠቆው ያው፣ ነጥቡ ያው፣ ቦታው እንኳ አልተለወጠም።»

መምህር ጌታነህ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰልፍ ሲቆምባቸው ግን ትዕግሥት የላቸውም። «እመቤቴ፣ ያ የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። ይሄ ከዋርካው ምንጭ የመጣ ውሃ ነው። ውሃ ውስጥ ሽንኩርት ይበቅላል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጽጌሬዳ ፊቷ ጋለ። ሌላ ተማሪ ቢሆን እዚህ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር፤ እሷ ሲስቁባት ነው የሚብስባት።

«ባለፈው የታችኛው ሌንስ አሥር የሚለው ነበር» አለች። «የላይኛው አሥር፣ የታችኛው አሥር፤ አሥር በአሥር መቶ እጥፍ ነው አሉን። ዛሬ አርባ የሚለውን ነው ያደረጉት። አራት መቶ እጥፍ ማለት ነው። ታዲያ ይሄ ነገር ለምን አላደገም?»

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። መምህር ጌታነህ መነጽራቸውን መልሰው ዓይናቸው ላይ አወረዱ።

«ሰልፍ አታቁሚ! ቀጣይ!»

ነገሩ በሽንኩርትና በአሜባ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ ጽጌሬዳ ምናልባት ትተወው ነበር። እውነቱን ለመናገር አትተወውም፤ ግትርነቷን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ግን ቢያንስ እንቅልፍ አይነሳትም ነበር።

እንቅልፍ የነሳት ውሃው ነው። ከተማቸው ከበዴሳ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ የዋርካው ምንጭ ደግሞ ከከብት ገበያው ቁልቁል ወረድ ብሎ ይገኛል። እናቷ አሳየሽ የገበያው በር ላይ ሻይ ቤት አላት። ነጋዴው በፀሐይ ሲከራከር ውሎ ገብቶ ከሻይም ከምሳም በፊት የሚጠይቀው ውሃ ነው። የእናቷ ውሃ ከምንጩ ተቀድቶ እንስራ ውስጥ ስለሚያድር ጥርስ ያቀዘቅዛል። ሻይ ቤቱን አቁሞ የያዘው ይህ ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ግን ወሬው ከቤተ ሙከራው ወጥቶ ገበያ ገብቷል። የሳይንስ ክበቡ ሊቀመንበር ባርኮት ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ያመጣው ለመጪው የወላጆች ቀን ነበር። ዐውደ ርዕዩ ላይ ማይክሮስኮፑ ይቀመጣል፤ ከጎኑ «በዋርካው ምንጭ የተገኘ አሜባ» የሚል ፖስተር ይለጠፋል። ከወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤትም እንግዶች ተጠርተዋል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጽጌሬዳ እናቷን ልታግዝ ሻይ ቤት ስትገባ፣ የበሬ ነጋዴው ጋሽ ሐብተማርያም ብርጭቆውን በሁለት ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉ አየች።

«ውሃው ይቅርብኝ። ሻዩን ብቻ ስጪኝ» አሉ። «ልጆቹ በማሽን ትል አይተውበታል አሉ።»

እናቷ ብርጭቆውን አንስታ መሬት ላይ ደፋችው። ምሽት ላይ ሻይ ቤቱን ሲዘጉ በወላይትኛ እንዲህ አለቻት፦ «ዛሬ ስንቱ ማዶ ሄዶ ጠጣ መሰለሽ። ወላጆች ቀን ላይ ደግሞ በሰው ፊት ከታየ፣ በቃ፣ እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ ቤቴ መቀመጥ ነው። አንቺ እዚያው ነበርሽ አይደል? አየሽው?»

«አየሁ፣ አዬ» አለች ጽጌሬዳ። እናቷን በወላይትኛ አዬ ነበር የምትላት። «ያየሁት ነገር ግን ከውሃው አይመስለኝም።»

«ከውሃው ካልሆነ ከየት ነው?»

ይህን አታውቅም ነበር። አለማወቋ ደግሞ አበሳጫት።

በማግስቱ በረፍት ሰዓት የፊዚክስ መምህርቷን ትርሐስን ፈልጋ መምህራን ክፍል ሄደች። ትርሐስ ከመቀሌ ተመድበው የመጡ፣ ብዙ የማያወሩ ሴት ናቸው። ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ሰሙና መልስ ሳይሰጡ ከመሳቢያቸው ሁለት የእጅ ሌንስ አወጡ። ከዚያ ወደ ጨለማው የዕቃ ክፍል ይዘዋት ገቡ።

ስልካቸውን አበሩ። ስክሪኑ ላይ የትንሽ ልጃቸው ፎቶ አለ። አንዱን ሌንስ ከስልኩ ፊት፣ ከሌንሱ ማዶ ደግሞ ስስ ወረቀት ያዙ፤ ወደፊት ወደኋላ ሲሉት ልጅቷ ወረቀቱ ላይ ገዝፋ፣ ተዘቅዝቃ ወጣች።

«የታችኛው ሌንስ ሥራው ይሄ ነው» አሉ። «ከዕቃው የሚመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ቱቦው ውስጥ፣ ከላይኛው ሌንስ ሥር፣ ትልቅ ምስል ይሠራል። በማይክሮስኮፑ ውስጥ ወረቀት የለም፤ ምስሉ ግን አለ። አሁን ሁለተኛውን ሌንስ ያዢና ወረቀቱን ከጀርባው እዪው።»

ያዘች። የልጅቷ ጉንጭ ሌንሱን ሞላው።

«የላይኛው ሌንስ ዕቃውን አያይም፤ ምስሉን ነው የሚያየው። የታችኛው ያሳደገውን እንደገና ያሳድገዋል። ለዚህ ነው የምናባዛው እንጂ የማንደምረው።» ትርሐስ እስክሪብቶ አወጡና ወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ ጣል አደረጉ። «አሁንስ?»

«ጉንጯ ላይ ምልክት ወጣባት!» ጽጌሬዳ ሳቀች።

«ልጄ ምልክት የላትም።»

ስልኩን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፉት። የልጅቷ ፊት ወደ ግራ ሸሸ። ነጥቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ጽጌሬዳ ሳቋ ቆመ። ነጥቡን የሚያሳድገው አንዱ ሌንስ ብቻ ነው። የታችኛው አሥርም ይሁን አርባ፣ ለነጥቡ ምኑም አይደለም።

«ታዲያ ያ መንጠቆ የላይኛው ሌንስ ላይ ያለ ቆሻሻ ነው! ቲቸር፣ ይንገሩልኝ። ለቲቸር ጌታነህ ይንገሩልኝ።»

ትርሐስ ሌንሶቹን በጨርቅ ጠቀለሉ። «እኔ ማይክሮስኮፑን አላየሁትም፤ ያላየሁትን አልናገርም። አንቺም ቢሆን ገና አላረጋገጥሽም። ገምተሻል።»

«እንዳላረጋግጥ እጅ ወደኋላ ይሉናል እኮ!»

«በእሱ ከእኔ ጋር አትጣዪ» አሉና ወጡ። ጽጌሬዳ ተናደደችባቸው። ንዴቱ ግን እግሯን አላሰረውም፤ ቀጥታ ወደ ባርኮት ወሰዳት።

ባርኮት ባዶ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተንበርክኮ ፖስተሩን በቀይ ቀለም እየጻፈ ነበር። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጎረቤት ናቸው፤ አጥራቸው አንድ ነው። የነገረችውን ሁሉ ሰምቶ ብሩሹን አስቀመጠ።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«ነገ ዐውደ ርዕዩ ከመከፈቱ በፊት ስላይዱን ትንሽ ግፋው። መንጠቆው አብሮት ከሄደ ዝም እላለሁ።»

«ማን ነው የሚነካው? ቲቸር ጌታነህ ይገድለኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እሺ፣ ቆሻሻ ይሁን። ምንጩ አጥር የለውም አይደል? ከብት ይጠጣበታል፣ ሰው ይታጠብበታል። የወረዳ ሰዎች ስንት ጊዜ ተለመኑ? አሜባ ካዩ ያኔ ያጥሩታል። ይሄ ላንቺ ይከፋል?»

ጽጌሬዳን ያበሳጫት፣ ባርኮት ልክ መሆኑ ነው። ምንጩ መታጠር አለበት። ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ይዛ ስትወርድ ላሞችን እያባረረች የምትቀዳው እሷ ራሷ ናት።

«እኔ ውሃው ንጹሕ ነው አላልኩም» አለች። «ያሳያችሁን ነገር ከውሃው አይደለም ነው ያልኩት። እናቴን የምታስከስሯት ሌንስ ላይ ባለ ጉድፍ ነው።»

«አካበድሽው፣ ጽጌ። አንድ ቀን ዝም ብትዪ ምን ይጎድልብሻል? ዳይሬክተሩ ራሱ ነው ለወረዳ የነገረው። ጓደኛዬ አይደለሽም?»

«ነኝ። ለዚህ ነው ቀድሜ ላንተ የነገርኩህ።»

ባርኮት ብሩሹን አንስቶ ወደ ቀዩ ቀለም መለሰው። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላያትም።

የወላጆች ቀን ጠዋት ቤተ ሙከራው በሰው ተጨናነቀ። ማይክሮስኮፑ መስኮቱ ሥር ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ባርኮት ጎህ ሲቀድ ከምንጩ አዲስ ውሃ ቀድቶ አምጥቷል፤ መምህር ጌታነህ ካራቫታቸውን አስረው ስላይዱን አዘጋጅተዋል። ዳይሬክተሩ ከወረዳ የመጣችውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ እያስጎበኙ ነው። ወላጆቹም እንደ ልጆቻቸው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ተሰልፈዋል፤ ጋሽ ሐብተማርያም ዱላቸውን ከጀርባቸው ይዘዋል።

ባለሙያዋ አየች። «እህ» አለችና ማስታወሻ ያዘች። ጋሽ ሐብተማርያም አዩ። «የምን ጉድ ነው! መንጠቆ አለው!» ብለው ለክፍሉ ሁሉ አወጁ።

ቀጥሎ አሳየሽ ነበረች። ለበዓል የምትለብሰውን ነጠላ ለብሳ መጥታለች። ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ ቆየች። ቀና ስትል ሰው ሁሉ ፊቷን እያየ ነበር፤ የሻይ ቤቷን ውሃ የማያውቅ የለምና።

«አየሁ» አለች።

ቀጣይዋ ጽጌሬዳ ነበረች። ጎንበስ አለች፤ መንጠቆው እዚያው ቦታው ላይ ተንፈላስሶ ተቀምጧል። በዙሪያው ደግሞ ጥቃቅን አረንጓዴ ፍሬዎች አሉ። እጇን ከኋላዋ አወጣችና ስላይዱን በጣቷ ጫፍ ወደ ቀኝ ገፋችው።

አረንጓዴዎቹ ፍሬዎች ወደ ግራ ተጠራርገው ጠፉ። መንጠቆው ንቅንቅ አላለም።

«እጅ!» አሉ መምህር ጌታነህ።

«ቲቸር፣ ውሃው ሲሄድ ይሄ ቀረ» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። «ከውሃው ቢሆን አብሮ ይሄድ ነበር።»

«ጽጌሬዳ፣ ከዚያ ዘወር በይ!» ዳይሬክተሩ ነበሩ። «በእንግዳ ፊት ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?»

«ዘወር እላለሁ። መጀመሪያ እሳቸው ይዩ።» ወደ ባለሙያዋ ዞረች። «እትዬ፣ እባክዎ አንዴ ይዩልኝ። ዓይንዎን አያንሱ፤ እኔ የላይኛውን ሌንስ ብቻ አዞረዋለሁ። ስላይዱን አልነካም።»

ባለሙያዋ ወደ ዳይሬክተሩ አየች፣ ወደ ልጅቷ አየች፣ ጎንበስ አለች። ጽጌሬዳ ሌንሱን ቀስ አድርጋ አዞረችው።

«ውይ» አለች ባለሙያዋ። «አብሮ ይዞራል። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል!» ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «አቶ ዳይሬክተር፣ አሜባችሁ ሌንሱ ላይ ነው የሚኖረው።»

ክፍሉ ተንጫጫ። ጋሽ ሐብተማርያም እንደገና ካላየሁ ብለው ሰው ገፉ። ዳይሬክተሩ ካራቫታቸውን ማላላት ጀመሩ፤ ባርኮት ደግሞ ፖስተሩን የሚሸፍንበት ነገር አጥቶ በራሱ ገላ ጋርዶት ቆመ። መምህር ጌታነህ ግን ማንንም ሳያነጋግሩ ጎንበስ ብለው ሌንሱን ራሳቸው አዞሩት። አንዴ፣ እንደገና አንዴ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀልቷል።

«ይህን ጉድፍ ስንቱን ተማሪ አስሥዬዋለሁ» አሉ በዝግታ። ጽጌሬዳ የቁጣውን ዶፍ ስትጠብቅ፣ እሳቸው ከኪሳቸው የመነጽር መጥረጊያ ጨርቃቸውን አውጥተው ዘረጉላት። «በይ፣ አንቺው ጥረጊው። በስሱ።»

ሌንሱን አውጥታ በስሱ ጠረገችው። ሰፋ አድርጋ ለማየት የታችኛውን ወደ አሥሩ መለሰችና ጎንበስ አለች። መንጠቆው ጠፍቷል። ብርሃኑ ጥርት ብሏል። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ የሳቁባት ሁሉ በየቤታቸው የራሳቸውን ኒውክለስ ይሣሉ!

«እንግዲህ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት ነው?» ሲሉ ጋሽ ሐብተማርያም ከኋላዋ ጮኹ።

በዚያች ቅጽበት፣ ከአረንጓዴዎቹ ፍሬዎች መሀል አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ረዘም ያለ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ፣ የነጠላ ጫማ ቅርጽ ያለው ነገር ነው። ራሱን እያሽከረከረ ሄደ፤ ፍሬ ሲያጋጥመው ወደኋላ አፈገፈገና መንገድ ቀየረ። ጽጌሬዳ ስላይዱን በትንሹ ገፋችው። ነገሩ ከውሃው ጋር አብሮ ሄደ። ሌንሱን አዞረችው። አልዞረም።

ቀና አለች። እናቷ ከፊቷ ቆማለች። ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ እየታየ ነው፤ ሴቶች ትከሻዋን ቸብ ቸብ ያደርጓታል። ባለሙያዋ ማስታወሻዋን ዘግታ ወደ በሩ ዞራለች። «በይ እንጂ፣ ንጹሕ ነው?» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም። «ከዚህ ወጥቼ እናትሽ ጋ ውሃ ልጠጣ ነው።»

አዎ ማለት ይበቃ ነበር። ማንም አይጠይቃትም። ሁሉም ያመናት አሁን ነው፤ መምህር ጌታነህ እንኳ አምነዋታል። ከዳይሬክተሩ ፊት መቆም ቀላል ነበር፤ የእናቷን ፈገግታ ማጥፋት ግን ከዚያ ይከብዳል። ያ ነገር ጎጂ ይሁን አይሁን አታውቅም። መኖሩን ግን ታውቃለች።

«እትዬ፣ አይሂዱ፣ ትንሽ ይጠብቁን» አለች ለባለሙያዋ። ከዚያ የእናቷን እጅ ያዘች። «አዬ፣ ነይ። አንቺ ቀድመሽ እዪ።»

አሳየሽ እየሳቀች ጎንበስ አለች። ሳቋ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ጠፋ።

«ይሄኛው ይሄዳል» አለች በዝግታ፣ በወላይትኛ። «ወጣ፣ አመለጠኝ።»

«በየት በኩል?»

«በቀኝ።»

ጽጌሬዳ ስላይዱን ወደ ቀኝ ገፋ አደረገችላት።